የአባቱ ትንፋሽ

ብዙነህ ቡልጋሪያ ሕክምና ተምሮ ወደ ሆሳዕና ከተማ እንደ ተመለሰ ማዳመጫውን አባቱ ደረት ላይ አሳረፈ። ሳንባቸው ላልቷል፤ አየር ያስገባል እንጂ መልሶ መግፋት ተስኖታል። የላላ ሳንባ ደግሞ አይመለስም።

«አባባ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ሲጋራ?»

«አንተ ልከህልኝ! ልጄ የሰጠኝን ልጣል?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁን ሳል ነጠቃቸው።

ብዙነህ አንገቱን ደፋ። በየዓመቱ የላከው ሲጋራ ለእንግዳ ይሆናል ብሎ ነበር።

«ትንፋሽዎን እስኪያልቅ ድረስ ያስወጡ» አለ፣ እንደገና እያዳመጠ።

ትንፋሻቸው ቀጥኖ ረዘመ።

«በቃ ልጄ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ» አሉ። ይህን ሲናገሩም በማዳመጫው የሚሰማው ትንፋሽ መውጣቱን አልቋረጠም። ኮታቸውን ደርበው ወጡ።

ብዙነህ ማዳመጫውን ከጆሮው አላወጣም። ጫፉ አባቱ በተነሡበት ባዶ ወንበር ላይ ወድቋል። ጆሮው ውስጥ ግን የአባቱ ትንፋሽ ገና እየወጣ ነበር።