ወደ ኋላ የዞሩ መድፎች

ሰዓት ሠሪው ሱቁን የዘጋው ዓይኔ ደከመ ብሎ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ አንድ ሰኞ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቦ ቤቱ ገባ። ለሚስቱ የነገራትም ባጭሩ ነው።

«የዓይን ሐኪሙ እያደር ይጠፋል ብሎኛል። ቢበዛ ዓመት።»

ሚስቱ ይህን የሰማችው አልጋ ላይ ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። አላለቀሰችም። አንድ ልጃቸው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በአንድ ሳምንት ሕመም ሲሞትባት ያላለቀሰች ሴት ለዓይን አታለቅስም። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆኗል። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ ላይ የሰው እጅጌ እንደተሰካ አቧራ ጠጥቷል። ታናሽ እህቷ በየእሁዱ እየመጣች ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ ትቆጣታለች። አንድ ጊዜ ሐኪም ይዛ መጥታም ነበር። ሐኪሙ በሩ ላይ ለባልየው «የምትነሳበት ጉዳይ ያስፈልጋታል» ብሎት ሄደ። ምክር ቀላል ነው። እሷ የተባለችውን ሁሉ «እሺ» ትላለች፤ አትነሳም።

ሰዓት ሠሪው ከልጁ ክፍል አንድ ትልቅ ካርቶን አወጣ። ልጁ ጀምሮት የቀረ የጦር መርከብ ሞዴል ነው፤ ከእውነተኛው ሁለት መቶ ጊዜ ያነሰ፣ ዘጠኝ መቶ ቁራጭ ያለው፣ ሲያልቅ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ። ልጁ የጨረሰው የታችኛውን አካል ብቻ ነበር። ሰውየው ዕቃውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት ዘረጋው።

«በምን ዓይንህ?» አለችው ከአልጋዋ።

«ጨርሶ ሳይጠፋ ልጨርሰው ብዬ ነው። እኔ ካልጨረስኩለት ማን ይጨርስለታል?»

በሦስተኛው ቀን እሱ ምሳውን በልቶ ሶፋው ላይ ሲያንኮራፋ፣ እሷ ውሃ ልትጠጣ ተነሳችና ጠረጴዛውን አየችው። የፊቶቹም የኋላዎቹም መድፎች አፈሙዛቸውን ወደ ገዛ ካፒቴናቸው ክፍል አዙረው ተለጥፈዋል። እንዲህ ያለ መርከብ ጠላት አያስፈልገውም።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ አንዱን መድፍ በጥፍሯ ብትነካው ወዲያው ተነቀለ። የተለጠፈው በአንዲት ጠብታ ሙጫ ነበር። አዙራ ለጠፈችው። ሁሉንም አዞረቻቸውና ተመልሳ ተኛች።

ሰውየው ሲነቃ አጎንብሶ መድፎቹን በጣቱ ዳበሰ።

«ለካ እጄ ገና አልከዳኝም» አለ።

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ብርድ ልብሷን ሳበች።

በማግስቱ መሰላሎቹ ተገልብጠው ነበር። በበነጋታው ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ተደፍተው። እሷም የምሳ ሰዓትን መጠበቅ ጀመረች። ማንኮራፋቱን ስትሰማ ትነሳለች፣ የመገጣጠሚያ ንድፉን ታነባለች፣ የተጣመመውን ታቀናለች፣ ኮቴዋን አጥፍታ አልጋዋ ውስጥ ትገባለች። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ከወር በኋላ ምሳውን ራሷ መሥራት ያዘች፤ ጠግቦ ከበላ ረዘም አድርጎ ይተኛልና።

አንዳንድ ነገር ይገርማት ነበር። ከዘጠኝ መቶው ቁራጭ አንድም አልጠፋም። ቀለሙ ላይ የሙጫ እድፍ የለም። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው ብላ ተወችው።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪው» አለቻት ታናሽ እህቷ አንድ እሁድ ኩሽና ውስጥ፣ በሹክሹክታ። «ጋሼን እንደ ሕፃን ማታለል ነውር ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል።»

«አይደርስበትም።»

«ቢደርስበትስ?»

«እጁ እንደከዳው ካወቀ ይተኛል። ከተኛ አይነሳም። ያንን አልጋ እኔ አውቀዋለሁ።» ሽንኩርቱን መክተፏን ቀጠለች። «ብርሃኑ ሳይጠፋ አልቆ ይየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»



በመጨረሻ የቀሩት ገመዶቹ ነበሩ። ከምሰሶ ምሰሶ የሚወጠሩ ሰማንያ አራት ክሮች። ሰውየው አሥሩን ሞክሮ ተብትቦ ተወው። መርፌና ክር ደግሞ የእሷ ሙያ ነው። የስፌት መኪናውን አቧራ ጠርጋ ከመሳቢያው ቀጫጭን መርፌዎቿን አወጣች። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ሰባኛው ይሁን ሰባ አንደኛው ክር ላይ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ እንባዋ መጣ። ይህን ቋጠሮ ልጇ ይቋጥረው ነበር። አፏን በእጇ ይዛ እስኪወጣላት አለቀሰች። ሶፋው ላይ ማንኮራፋቱ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ «አንተ፣ ምን ቀረው?» አለችው፤ እንደማታውቅ ሆና።

«ባንዲራው ብቻ።»

«ዛሬ ያልቃላ!»

«ያልቃል» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

የዓይኑን ነገር አስቦ ነው አለች በልቧ። ሹራቧን ደረበች።

«ለባንዲራው ቀለም ገዝቼ ልምጣ። አንድ ሰዓት ብቆይ ነው። ምድጃውን እንዳትነካ፣ አደራ።»

«አልነካም።»

ብቻዋን ከቤት ስትወጣ ከልጇ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰዓት ሠሪው በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቆሞ በዓይኑ ሸኛት፤ መንገዱን ስትሻገር አንዱ ካልሲዋ ጥቁር ሌላው ቡናማ መሆኑን አየ፤ ማዕዘኑን ታጥፋ ስትሰወርም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ሰማንያ አራቱን ክሮች፣ አንዱም እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ይፈታቸው ጀመር።