የትንፋሽ ከረጢቶች

ነርሷ ሁለቱን የቆዩ የሳንባ ሕመምተኞች ከረጢት አስነፍታ፣ ስማቸውን ለጥፋበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ማሽኑን ልታዘጋጅ ሄደች። ምርመራው በሳንባቸው ውስጥ የደም ግፊት መጨመሩን ከትንፋሻቸው ይለያል። ጨምሮ ከተገኘ ከሁለቱ አንዱ የሆነው ሰውዬ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ አገር በሚደገሰው የልጁ ሠርግ ላይ መገኘት አይችልም።

በጭንቀት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ አብረውት የሚመረመሩት ጋሽ ሽብሩ ስልክ ሊያወሩ ወጡ። ሲቀልዱ የዋሉ ሰው ናቸው። “ይሄ ሁሉ ወሬ ከጤነኛ ሳንባ እንጂ ከየት ይመጣል?” ብሎ ሰውየው አሰበና የተለጠፉትን ስሞች አቀያየረ።

ነርሷ ውጤቱን ይዛ መጣች።

“ግፊት የለብዎትም። የልጅዎ ሠርግ ላይ ይጨፍሩ!” አለችው።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሽብሩ ግን ብድግ አሉ።

“እሱ የኔ ትንፋሽ ነው! ይቅር በሉኝ፤ ሽንት ቤት ሲሄዱ ስማችንን ቀያይሬዋለሁ። ዝም ሲሉ ጤነኛ መስለውኝ!”

“ዝም ያልኩት እኮ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው!” አለ ሰውየው።

“የሁለታችሁም ውጤት ደህና ነው፤” አለች ነርሷ ተቆጥታ፣ “ግን እንደገና ትነፋላችሁ!”

ሰውየውን ሳቅ አፈነው።

“አይድከሙ ሲስተር፤ እኔም መልሼ ቀያይሬው ነበር።”