ደብተሩ ላይ ያልነበረችው

«ልጅቷ ደብተሩ ላይ የለችም» አለ ከወረዳ የመጣው የጤና መድን ሠራተኛ፣ እንድሪያስ፣ ገጹን ወደ ሕዝቡ ገልጦ እያሳየ። አባት አለ፣ እናት አለች፣ ታላቅ ወንድሟ አለ። ከዚያ በታች መስመሩ ባዶ ነው።

በቀበሌው አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው አንገቱን አስግጎ ገጹን አየ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደህና ሄዶ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ወይኒቱ ሦስት ወር ሙሉ ቤት ለቤት ዞራ በጤና ጣቢያው ላይ የለቀመችውን አቤቱታ አንድ በአንድ አንብባለች፤ መድን ገብቶ መድኃኒት ያጣውን፣ ነገ ተመለስ እየተባለ የባሰበትን፣ ምጥ ይዟት ሰልፍ የጠበቀችውን። እንድሪያስም ፊቱ ባይፈታም ጽፏል። ሰዉ በሚካኤል ዕለት በሬውን አሳርፎ የመጣው ይህን ሊያይ ነው።

የመጨረሻው የያይኔአበባ ልጅ ነገር ነበር። ልጅቷ ትኩሳት ያዛት፤ እናቷ አቅፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ካርድ ክፍሉ ደብተሩ ላይ የለችም ብሎ መለሳቸው። በባጃጅ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ስትበር ልጅቷ መንገድ ላይ እቅፏ ውስጥ ሞተች። ከሞተች ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው።

እንድሪያስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። ጤና ጣቢያው ባልተመዘገበ ልጅ እንደማይጠየቅ፣ የተወለደን ልጅ ማስመዝገብ የአባወራው ግዴታ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳ። ዓይን ሁሉ ወደ አባትየው ወደ ቢሆነኝ ዞረ። ቢሆነኝ አንገቱን ደፋ። ምን ያለው አባት ነው የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ተሰማ።

ወይኒቱ የያዘችው ወረቀት ከበዳት። ቢሆነኝ ሊያስመዘግብ መጥቶ ነበር። የመጣውም ወደ እሷ ነው፤ የመንደሩን የመድን አባላት እየጻፈች ለቀበሌው የምታስተላልፈው እሷ ናትና። ልጅቷ ገና የሁለት ሳምንት ጨቅላ ሳለች ደጇ ላይ ቆሞ ጻፊልኝ አላት። እሷም ሳቀችበት። ምን ብዬ ልጻፋት፣ ሰማንያ ቀኗ ይድረስና ክርስትና ትነሳ፣ ስም ይውጣላት፣ ያን ጊዜ እናስገባታለን አለችው። እሱም እውነትሽን ነው ብሎ ተመለሰ። በዚህ አገር የሕፃን ስም የሚያጣድፍ የለም። ከዚያ በፊትም ለስንቱ እንዲሁ ብላ ነበር፤ ሁሉም ደህና አደጉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን ያይኔአበባም ባሏም ያውቃሉ፤ ግን ለሰው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልታጽናናቸው የሄደች ዕለት እንኳን ሊወቅሷት፣ ተነሥተው መቀመጫ ለቀቁላት። ከወቀሳ ይልቅ አንጀቷን የፈጃት ይሄ ነው።

የዕድሩ ዳኛ አያ ክንፈሚካኤል ተነሡ። እርሳቸው ስለ መድን ብዙም አያውቁም፤ አውጫጭኝ ግን ያውቃሉ። ከብት ሲጠፋ፣ ክምር ሲቃጠል፣ አገሬው ተቀምጦ ጥፋተኛውን የሚያወጣበትን ሥርዓት ከአባታቸው ወርሰውታል።

«እንግዲህ ሰው ሞቷል» አሉ። «ያየም የሰማም ያውጣ። የደበቀ ከዕድራችን ይለይ።»

ወይኒቱ ልቧ ሁለት ሆነ። ብትናገር የሦስት ወር ድካሟ ገደል ይገባል፤ ጤና ጣቢያውም ጥፋቱ የራሳችሁ ነው ብሎ ነጻ ይወጣል። ዝም ብትል ቢሆነኝ ዕድሜ ልኩን ልጁን ያስገደለ ተብሎ ይኖራል።

«እኔ ነኝ» አለች ቆማ። «አባትየውን ተዉት። ሊያስመዘግብ መጥቶ እኔ መለስሁት። ስም ይውጣላት አልሁት።»

እንድሪያስ ጻፈ፤ የጻፈውንም አነበበ፤ «ጥፋቱ የመንደሩ መዝጋቢ መሆኑን ራሷ አምናለች።» አቤቱታው በዚህ እንዳለቀለት ሁሉም ገባው።

ያን ጊዜ ያይኔአበባ ተነሣች።

«እታለም ወይኒቱ ስም ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅሁ» አለች፣ እንድሪያስን ትክ ብላ እያየች። «ትኩሳቱ ግን ስም አልጠበቀም። ጤና ጣቢያ እነሱ ደብተሩን ሲያገላብጡ ልጄ እቅፌ ውስጥ ትቃጠል ነበር። ጌታው፣ አንድ ሰው እንኳ ግንባሯን አልነካም። እሱንም ይጻፉልኝ።»

እንድሪያስ የጻፈበትን ወረቀት ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ሌላ፣ የሞት አቤቱታ ቅጽ አወጣ። ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሟችን ስም ስለሆነ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ ማን ልበል አላት።

«ስም የላትም» አለች። «ሰማንያዋ ዛሬ ነው። ዛሬ ነበር የሚወጣላት።»

ክርስትና ሳትነሳ የሞተች ናትና ፍትሐት አልተደረሰላትም፤ ለቅሶም አልተቀመጡላት። ወጉ እንዲያ ነው ብሎ ጎረቤቱ በማግስቱ ወደ እርሻው ሄዷል። አሁን ከኋላ ረድፍ እማማ ሰብሊ የሚባሉ አሮጊት ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና እንደ ለቅሶተኛ አዘቅዝቀው ለበሱት። ከጎናቸው ያለችው ሴት ተከተለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ።

ወይኒቱም የራሷን ልታዘቀዝቅ ሞከረች፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት። ያይኔአበባ በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጣችና ነጠላውን ከእጇ ወስዳ አዘቀዘቀችላት።