የሼህ ኡበይደላ ጥምጥም

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ተመራማሪ የመርሳን የመስኖ ገበሬዎች በቦዩ ዳር ሰብስባ፣ «የውኃ ተራ የሚሰርቀውን ማን ይቀጣዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ሌባውማ እዚሁ ተቀምጦልሻል፣ እቴ!» አለና ጀብሪል በጎረቤቱ በሚስባህ ራስ ላይ ዶማውን አነሣ። «ወላሂ፣ ዛሬ ማሳዬን ደሙን ነው የማጠጣው!»

አስታራቂው ሼህ ኡበይደላ ነጭ ጥምጥማቸውን ፈትተው በሁለቱ መካከል ጣሉት። መሬት የወደቀ የሽማግሌ ጥምጥም ተሻግሮ የሚመታ በዚያ አገር አልነበረም። ዶማው እንደ ተነሣ ቀረ።

«ሼህዬ፣ ያንሡልኝ!» ብሎ ጀብሪል እያለቀሰ ለመነ።

«አላነሣውም፤ አንተ ዶማህን አውርድ።»

የጀብሪል ክንድ ዝቅ ማለት ጀመረ። ተመራማሪዋ ጠቡ የበረደ መስሏት ጎንበስ ብላ ጥምጥሙን አነሣች፤ አቧራውን አራግፋ፣ በአክብሮት በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ሼሁ እጃቸውን ሳይዘረጉ የሚስባህ ደም ጥምጥሙ ላይ ተረጨ።