ሸራው ለእኔ፣ ምሰሶው ለእሱ

ለወዳጅም ለጠላትም ይታወቅ፦ ዛሬ በዚህ ጫካ ውስጥ ብስክሌት የምነዳው ብቻዬን ነው።

ከኋላዬ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት፣ የሌላ ብስክሌት ካቴና ሲጥ ሲጥ ይላል። ከጫካው መግቢያ እንጨት መሰንጠቂያ ጀምሮ ይከተለኛል። አልዞርም። ዘይት ያልነካውን የዚህን ካቴና ድምፅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ የታናሽ ወንድሜ ነው። የብስክሌት ጠጋኝ ልጅ ሆኖ ለገዛ ካቴናው ዘይት የሚነፍግ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ዳገቱ ሲጠናብኝ ወርጄ መግፋት እጀምራለሁ።

"አይዞሽ የኔ እመቤት" ይላል ወንድሜ፣ ለብስክሌቱ። "ፊት ያለው ሰውዬ በእግሩ ነው። እኛ ግን ቁጭ ብለን እንወጣታለን።"

"አየህ አይደል?" እላለሁ እኔም፣ ለብስክሌቴ። "ያን ሁሉ ቦርጭ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ብስክሌት አታሳዝንም?"

የምንነጋገረው እንዲህ ነው። ማለትም አንነጋገርም።

አባዬ ሞቶ የጥገና ሱቁን ስንካፈል ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሞርሳው ለእኔ፣ መፍቻዎቹ ለእሱ፣ ጎማ መንፊያው ለእኔ። አባዬ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሱቁን ዘግቶ ወደዚህ ጫካ ሲያመጣን የምናድርበት አሮጌ ድንኳን ላይ ስንደርስ ግን እኔም እጄን ሰደድኩ፣ እሱም ሰደደ። ድንኳን ቸግሮን አይደለም፤ አዲሱ በየሱቁ ተሰቅሏል። ጎረቤት እስኪወጣ ተጯጯህን። በመጨረሻ ታላቅ እህታችን እትዬ ብድግ አለች።

"እንካ አንተ ሸራውን! እንካ አንተ ምሰሶውን! እንግዲህ ሁለታችሁም ሜዳ ላይ እደሩ!"

ሸራው አሁን ከኋላዬ ታስሯል። ለምን ያዝከው ለሚለኝ፣ ላነጥፈው ነው። እሱ ምሰሶና ካስማ ጠፍሮ ለምን እንደመጣ ግን አልገባኝም። ምሰሶ አይነጠፍ።

ዳገቱ ሲያልቅ መንገዱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቁልቁል ይሄዳል። ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈዋል፤ የረጠበ ቅጠል ይሸታል። እዚህ ጋ ስንደርስ አባዬ ከፊት ሆኖ አንድ እጁን ያነሳ ነበር። "ፍሬን ያዙ! ለጥርሳችሁ እዘኑ!" ማንም እጁን ሳያነሳ እኔ ፍሬን እይዛለሁ። ከኋላዬም ፍሬን ሲጢጥ ሲል እሰማለሁ።

ሜዳው እንዳለ ነው፤ ጅረቱም፣ ጠፍጣፋው ድንጋይም። ብስክሌቴን አባዬ የእሱን ያስደግፍበት በነበረው ጎባጣ ዛፍ ላይ አስደግፋለሁ። ወንድሜ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚመቸው ሲያጣ የእሱን የእኔው ላይ ያስደግፋል። ብስክሌቶቹ አልተጣሉም።

ጀርባ ለጀርባ ሆነን ዳቦ እንበላለን።

በድንኳኑ ውስጥ አባዬ የሚተኛው መሃላችን ነበር። "እኔ ድንበር ነኝ" ይል ነበር። "ድንበር የተሻገረ በካልቾ ነው!" እውነቱን ነበር፤ እያንኮራፋ ይራገጣል። ጠዋት ስንነቃ እኔ አንዱ ጫፍ፣ ወንድሜ ሌላው ጫፍ ላይ ተለጥፈን፣ ድንበሩ አገሩን በሙሉ ይዞት እናገኘዋለን።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሰማዩ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ጠብታ መላጣዬ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛውን የሚቆጥር የለም። ሸራውን ተከናንቤ ድንጋዩ ላይ ኩርምት እላለሁ። ወንድሜ ምሰሶውን እንደ ጃንጥላ ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆሟል።

"የኔ እመቤት" ይላል፣ ውሃው በአፍንጫው እየወረደ፤ "እዚያ የተቀመጠው ምንድነው? ገበያ ላይ የተረሳ የጨው ጆንያ ነው እንዴ?"

"ምሰሶ ታቅፎ የሚበሰብስም አለ በላት" እላለሁ ለብስክሌቴ።

ሳቅ ያመልጠዋል። የአባዬ ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫ ነው የሚወጣው። ፊቴን አዞራለሁ።

"ጋሼ፣ ያዝ እንጂ!"

ብስክሌቱን ጋሼ ብሎ አያውቅም። እነሳለሁ።

እጃችን አልረሳም። እሱ ምሰሶ ሲያቆም እኔ ገመድ እስባለሁ፤ እኔ ሸራ ስወጥር እሱ ካስማ በድንጋይ ይቀጠቅጣል። "ወደ አንተ።" "ትንሽ ልቀቅ።" "በቃ፣ በቃ!" ድንኳኑ ሲቆም ሁለታችንም ከአናት እስከ እግር ውሃ ሆነናል።

እንገባለን፤ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ በኩል ጋደም እንላለን። ሸራው አርጅቷል፤ በጎንና በጎን ባለው ስፌት ያፈሳል። ትከሻዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

"ያፈስብሃል?" እለዋለሁ።

"ኧረ ምንም" ይላል። ሲንጠባጠብበት ይሰማኛል። "አንተስ ጋ፣ ጋሼ?"

"ደረቅ ነው።"

ደረቁስ መሃሉ ነው። አንድ ትልቅ ሰው እጅና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ቦታ በመሃላችን ደረቅ እንዳለ ተዘርግቷል። ማንም ወደዚያ አይጠጋም። የምንረጥበው ዳር ዳሩን ይዘን ነው።

ትንሽ ቆይቶ የወንድሜ ትንፋሽ ይከብዳል። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል እግሩን ወደ መሃል ይዘረጋና፣ እሳት የነካ ያህል መልሶ ይሰበስበዋል።

"ይቅርታ፣ አባዬ" ይላል።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። እኔም እግሬን እሰበስባለሁ።