የአራስ ገንፎ

ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአማቴ ጉበት ብቅ አለ። ሌሊቱን እዚሁ ቤት የተኙበት የኤምአርአይ አልጋ ያነሳው ምስል ነው። ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ጠጠር ተሰንቅሯል፤ ከጠጠሩ በላይ ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ተቋጥሯል። ከምስሉ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ቅባት ክልክል ነው። ‹አይቻለሁ› የሚለውን ሲነኩ አምቡላንስ ይላካል።»

ሰው ሁሉ ውጤቱን እየደበቀ ጮማ ሲቆርጥ መሞቱ ቢበዛ ሕጉ ተለወጠ። አሁን ምስሉ የሚደርሰው ለታማሚው ሳይሆን ለሚያበስልለት ሰው ብቻ ነው። ለእትዬ የውብዳር የማበስለው ደግሞ እኔ ነኝ።

አልነካሁትም። ገንፎ አገነፋሁ።

ሴት ልጄን ወልጄ አራስ ሳለሁ እትዬ የቅቤውን ማሰሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ጉያቸው ሸጉጠውት ነበር። «ሴት ለወለደች ደግሞ ምን ቅቤ ያስፈልጋታል!» ነበር ያሉት። ያንን ደረቅ ገንፎ በእንባዬ እያራስኩ ዋጥኩት።

ዛሬ ግን የገንፎውን መሃል አጎድጉጄ ንጥር ቅቤ እስከ አፉ ሞላሁበትና አቀረብኩላቸው። የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። እሳቸው እንደሆኑ መስታወት ማየት ከተዉ ቆይተዋል።

«ተባረኪ! ዛሬስ አልሰሰትሽም» አሉ ከንፈራቸውን እየላሱ። ጥቂት እንደጎረሱ ቀኝ ጎናቸውን በእጃቸው ደገፍ አደረጉ። «ምን ትገተሪያለሽ? ነይ፣ አንቺም በቅቤው አጥቅሺ እንጂ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቅቤው ካልደረሰበት ዳር ትንሽ ቆርሼ ጎረስኩ።

«እኔ ደረቁን ለምጄዋለሁ፣ እትዬ። እርስዎ ይብሉ።»