አሥራ ዘጠነኛው እርምጃ

የአባ ወልደ ኢየሱስን መነጽር በሸሚዜ ጫፍ እየጠረግሁ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ቀና እላለሁ። የዝቋላው አጥቂ አቧራው ላይ ተዘርግቷል፤ ወንድሜ ትንሣኤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አጠገቡ ቆሟል። ዳኛው ዓለምብርሃን ጣቱን ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ቀስሯል።

አንድ ለአንድ ነን። የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው።

መነጽሩን ለአባ ሳልመልስ የእኛ የሰቆጣ ዙሪያ ደጋፊ ሜዳውን ሞልቶታል። የዝቋላውም ከወዲያ በኩል ይጎርፋል። ጥፋቱን የካደ የለም፤ ትንሣኤ ራሱ "ጠልፌዋለሁ" ይላል። ክርክሩ የት ጠለፈው የሚለው ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ወይስ ከውጭ?

"ከውጭ ነው! ተጠልፎ ነው ወደ ውስጥ የተንከባለለው!" ትላለች የቡድናችንን ማሊያ የሰፋችው ዘመናይ።

"ተንከባለለ? በርሜል ነው እንዴ?" ይላል አንድ የዝቋላ ጎረምሳ። "ሁለት ቀን በእግራችን የመጣነው ልትሰርቁን ነው?"

"በላ! እግሩ ዝሎ ነዋ የወደቀው!" ይላል ከእኛ ወገን አንዱ።

ሳቁ አጭር ነው። ዱላ የያዙ ጣቶች ጠበቅ ሲሉ አያለሁ።

የአጥቂው ተረከዝ መሬቱን የጫረበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሳጥኑ መስመር ግን የለም። ጠዋት በአመድ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሜትር ስለሌለን በእርምጃ ለካሁት፤ ከግቡ አሥራ ስምንት እርምጃ። ግማሹን ነፋስ፣ ግማሹን የሰው እግር ወስዶታል።

ዓለምብርሃን ከደሃና የመጣ ነው፤ የማንም ወገን አይደለም። አሁን ግን ጀርባው ከግቡ ቋሚ ጋር ተጣብቋል። "ውስጥ ነው፣ አይቻለሁ" ይላል። የሚሰማው ከፊቱ የቆመው ብቻ ነው።

የዝቋላው ሽማግሌ አያ የሻምበል በሰው መሐል አልፈው ይመጣሉ። "የእርሻ ወሰን ሲጠፋ ምን ነበር የምናደርገው?"

"ያሰመረው ይረግጠዋል" ይላሉ አባ ወልደ ኢየሱስ።

"ጫማውን አውልቆ።"

"ጫማውን አውልቆ፣ ሕዝብ እየሰማው እየቆጠረ።"

"የእነሱ ሰው ነው እኮ!" ይጮኻል ጎረምሳው። "የጠላፊው ወንድም ነው!"

"አውቃለሁ። በባዶ እግር መርገጥ ግን መሐላ ነው፤ እሱ በቆመበት እንቆማለን።" አያ የሻምበል ወደ እኔ ይዞራሉ። "መምህር ይርዳው፣ ና እስቲ።"

"የሒሳብ መምህር አይደለህ? ቁጠርልና!" ይላል ሌላው።

ጫማዬን አወልቃለሁ። መሬቱ ይፋጃል። ከግቡ መስመር እነሣለሁ። አንድ። ሁለት። ሕዝቡ አብሮኝ ይቆጥራል።

ትንሣኤ አያየኝም። ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እዚያ ተጫዋች የሚመለምሉ አሉ። ከተሸነፍን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጂቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያም ባሕሩን ይሻገራል። እናታችን አታውቅም። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።

"አሥራ ስድስት! አሥራ ሰባት! አሥራ ስምንት!"

እቆማለሁ። የተረከዙ ጭረት ከጣቶቼ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ነው። ከሳጥኑ ውጭ።

ዘመናይ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ትንሣኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኛል። አያ የሻምበል ጭረቱን ያያሉ፣ እግሬን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ተቀብለናል" ይላሉ ለልጆቻቸው። "ዞር በሉ።"

ያኔ ነው የማየው። ከጭረቱ ወዲያ፣ ከአንዲት ጠጠር ሥር፣ ነፋስ ያልደረሰበት የአመድ ቁራጭ፤ ከጥፍር አይበልጥም። እግሬን ወደ ፊት ባነሣ ይጠፋል።

ጠዋት አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ሳለሁ አባ ወልደ ኢየሱስ ከቅዳሴ ወጥተው በሜዳው አለፉ። እየሮጥኩ ሄጄ መስቀል ተሳለምኩ። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩኝ። ተመልሼ አሻራዬ ላይ ቆምኩና የሚቀጥለውንም እርምጃ አሥራ አራት አልኩት።

"ቆዩ" እላለሁ። እጄን አነሣለሁ። "ቆዩ! የጠዋቱ መስመር እዚህ አይደለም። አንድ እርምጃ ይርቃል። አባን ልሳለም ስሄድ ቁጥሩ ጠፋኝ።" ጎንበስ ብዬ አመዱን በጣቴ አሳያለሁ።



"እውነት ነው፤ ተሳልሞኛል" ይላሉ አባ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል።

"ታዲያ የጠዋቱ ነዋ ስሕተቱ!" ትላለች ዘመናይ። "ትክክሉ አሥራ ስምንት ነው! ምን ነካህ አንተ ሰው?"

ዓለምብርሃን ከቋሚው ይላቀቃል። "እስካሁን የተጫወቱት በየትኛው ነው?"

"ባሰመርኩት።"

"በመጀመሪያው አጋማሽ ይህን ግብ የጠበቅነው እኛ ነን" ይላሉ አያ የሻምበል ቀስ ብለው። "በዚሁ መስመር።"

ዳኛው ትንሣኤን ያያል፣ ከዚያ እኔን። "እንግዲያው መልሰህ አስምርልኝ።"

ሕዝቡ ወደ ኋላ ይሸሻል። የአመዱን ጣሳ አመጣና ከጠጠሯ እጀምራለሁ። አጎንብሼ፣ ቀስ እያልኩ አፈስሳለሁ።

መሐል ላይ ሁለት እግሮች ቆመዋል። የግራው ጫማ አፉን ከፍቷል፤ ትናንት ለወንድሜ እኔው በሽቦ ያሰርኩለት ነው። ቀና አልልም። እጠብቃለሁ። አንዱ እግር ይነሣል፤ ቆይቶ ሌላው። ከነበሩበት ላይ አመዱን አስተካክዬ አፈስሳለሁ።

መስመሩ እስከ ጥግ ይደርሳል፤ ጭረቱ ከውስጥ ይቀራል። በአንድ እርምጃ የተሳሳተ ነው፤ ግን አልተጣመመም።

ጣሳውን አራግፌ ከግቡ ኋላ በአፉ እደፋዋለሁ።